ስለ «ፕረዘንትሊ» ይግባኝ አለኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእንግሊዝኛ ትምህርት በምታወጡበት አምድ ላይ ጊዜን የሚገልጹ ቃላት ዝርዝር አውጥታችሁ ነበር። አብዛኛው ጥሩ ነው። «ስቲል»ን «አሁንም» ብላችኋል፤ «የት»ን «ገና» ብላችኋል (ቦታ እየጠየቅኩ አይደለም፣ የእንግሊዝኛውን «የት» ማለቴ ነው)። እሰየው። «ፕረዘንትሊ» ላይ ስትደርሱ ግን «በአሁኑ ጊዜ» ብላችሁ ነገሩን ዘጋችሁት። ሁለተኛ ፍቺ የለም። ከሥሩ የሰጣችሁት ምሳሌ ደግሞ ይኸው፦ «ዘ ማናጀር ዊል ሲ ዩ ፕረዘንትሊ»። ትርጉሙም «ሥራ አስኪያጁ በአሁኑ ጊዜ ያነጋግርዎታል» ተባለ።

እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እንግሊዝኛው የሚለው ሌላ ነው። እንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ይዟል። ጸሐፊዋ «ትንሽ ይጠብቁ፣ አሁን ያነጋግርዎታል» እያለችው ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚያች ደቂቃ እንግዳውን እያነጋገረ ቢሆን ኖሮ ማን ለማን ይነግራል?

ለአንድ ቃል ይህን ያህል ምን አንገበገባት ትሉ ይሆናል። እንጀራዬ ስለሆነ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጠባብ የትርጉምና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠል አንድ ማራገቢያ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና፣ ከአረብ አገር የመጣ የሥራ ውል፣ ከኤምባሲ የመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። ሰው ስምና ቁጥር ላይ ሲጠነቀቅ አያለሁ። ጥሩ ነው። ከልምዴ እንደማውቀው ግን ደንበኛን የሚያጉላላው ብዙውን ጊዜ ጊዜን የሚናገረው ትንሽ ቃል ነው። መቼ ይጀምራል? መቼ ያልቃል? አሁን ነው ወይስ ኋላ?

ዝርዝሩ በወጣበት ሳምንት አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ መጣ። ድግሪውን ይዟል፤ ለማስተርስ እንግሊዝ አገር ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አመልክቷል። ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ማዘር፣ እስቲ ይህን እይልኝ። ሊንኩ ጠፋብኝ።»

«ማዘር» እያለ «አንቺ» ይለኛል። አዲስ አበቤ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ድሬ አንቱታ ብዙ አይወድም፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ። ስልኩን ተቀበልኩ። ኢሜሉ «ዩ ዊል ፕረዘንትሊ ሪሲቭ ኤ ሊንክ ቱ ቡክ ዩር ኢንተርቪው» ይላል፤ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ስለሚያዝበት ሊንክ ነው።

«የትኛው ሊንክ ነው የጠፋብህ?» አልኩት።

«የላኩልኝ ነዋ! በአሁኑ ጊዜ ትቀበላለህ ይላል እኮ።»

ከኪሱ የጋዜጣችሁን ቁራጭ አወጣ። በመቀስ ቆርጦታል። ሙቀቱ ያው የድሬ ሙቀት ነው፤ ወረቀቱ በላብ ርሶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። «ፕረዘንትሊ» በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል። ልጁ ቀልድ አያውቅም። ለዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መልስ ሊሰጥ መዝገበ ቃላት አድርጎ የያዘው እናንተን ነው።

ነገሩን ሳጣራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ ሊንኩን ሲፈልግ ውሏል። የቆሻሻ መልእክት ማስቀመጫው ውስጥ ገብቶ አንድ በአንድ በርብሯል። እዚያ ያገኘው አንድ «አዋቂ» አካውንትህ ተጠልፏል ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ የይለፍ ቃሉን ቀይሮለታል። በዚህ ላይ ለዩኒቨርሲቲው «ሊንኩ አልደረሰኝም» ብሎ ደጋግሞ ጽፏል። እነሱ ምን እንዳሰቡ እንጃ።

«አልላኩልህም» አልኩት። «ሊልኩልህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ፕረዘንትሊ አሉ?»

«እንግሊዞች ናቸዋ!»

አቦ፣ ልጁ አላመነኝም። ጋዜጣ የጻፈውን አንዲት የጽሕፈት ቤት ሴት ስትሽረው ማን ያምናል? አልፈረድኩበትም። ሊንኩ በስንተኛው ቀን ሲመጣ ነው ተመልሶ የሳቀው። ይህን ደብዳቤም የምጽፈው ስለዚያ ልጅ ብቻ አይደለም። አምዳችሁን ቆርጦ የሚይዝ ብዙ ሰው እንዳለ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። «ፕረዘንትሊ» ሁለት ፍቺ አለው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛው «በአሁኑ ጊዜ» ነው። ሁለተኛው «ትንሽ ቆይቶ፣ ብዙም ሳይቆይ» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ አጠገቡ ያለው ግሥ ነው። «ዘ ኦፊስ ኢዝ ፕረዘንትሊ ክሎዝድ» ካለ ቢሮው አሁን ዝግ ነው። ግሡ የአሁን ነዋ። «ዘ ኦፊስ ዊል ፕረዘንትሊ ኦፕን» ካለ ገና አልተከፈተም፤ ትንሽ ቆይቶ ይከፈታል። በድሮ ተረት ውስጥ «ፕረዘንትሊ ሺ ኬም» ካለ ደግሞ «ጥቂት ቆይታ መጣች» ማለት ነው። «ዊል» የምትባለዋን ቃል ካያችሁ «በአሁኑ ጊዜ»ን እርሷት። እናንተም በምሳሌያችሁ ውስጥ «ዊል» አስገብታችሁ ነበር። ከፍቺው ጋር የተጣላው የራሳችሁ ምሳሌ ነው።

አገርም ልዩነት ያመጣል። አሜሪካኖች በአብዛኛው «አሁን» ለማለት ይጠቀሙበታል። የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ዩር ኬዝ ኢዝ ፕረዘንትሊ አንደር ሪቪው» ካለ ጉዳይህ በመታየት ላይ ነው። እንግሊዞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የገነነው «ትንሽ ቆይቶ» የሚለው ነው። ዛሬ እነሱም «አሁን» ለማለት ሲጠቀሙበት ይታያል። ይህን ሲያዩ «ከአሜሪካ የመጣ ብልሽት ነው» ብለው የሚቆጡ የሰዋስው ጠባቂዎች አሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። «አሁን» የሚለው ፍቺ አሜሪካ ሳትታወቅም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከጽሑፍ እየራቀ ሄደ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ሳይቋረጥ ቆየ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለመለመ።

የቃሉ ታሪክ ራሱ ያስቃል። በአንድ ወቅት «ፕረዘንትሊ» ማለት «ወዲያውኑ፣ እዚያው በዚያው» ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥታችሁ ማቴዎስ 21፥19ን ተመልከቱ። ጌታ በለሲቱን ሲረግማት «ፕረዘንትሊ» ደረቀች ይላል። የእኛው አማርኛ «ያን ጊዜውን ደረቀች» ይላታል። የዛሬ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን «ትንሽ ቆይታ ደረቀች» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ተአምሩ በቃ እዚያ ጋ ቀረ! ትንሽ ቆይቶማ ውኃ ያጣ ዛፍ ሁሉ ይደርቃል፤ ድሬ መጥታችሁ እዩ።

«ባይ ኤንድ ባይ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ «ውሎ አድሮ» ማለት ነው። በዚያው መጽሐፍ ማርቆስ 6፥25 ላይ ግን የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁን ራስ «ባይ ኤንድ ባይ» ስጠኝ ትላለች። ውሎ አድሮ ማለቷ አይደለም። እናቷ ከኋላ እየገፋቻት፣ ንጉሡ በእንግዶቹ ፊት ምሎ፣ ማን ውሎ አድሮ ይላል? አሁኑኑ ማለቷ ነው። «ሱን»ም በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሶና» ሲባል «ወዲያው» ነበር። «አኖን» የሚባል ያረጀ ቃል አለ፤ እሱም ከ«ወዲያው» ተነስቶ «ትንሽ ቆይቶ» ላይ ደረሰ።

አያችሁ፣ ቃሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄዱት። ከ«አሁኑኑ» ወደ «ቆይ»። ተቃራኒውን መንገድ የሄደ አላጋጠመኝም። ምክንያቱን ለማወቅ የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቀጠሮ ያለው ሰው ስልክ ደውሉ። «አሁን» ይላችኋል። ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ይህ ነገር በትውልድ ሁሉ ሲደጋገም አድማጩ ቃሉን ሳይሆን ሰውየው የሚደርስበትን ሰዓት መስማት ይጀምራል። «አሁን» የተባለው ሁሉ «ትንሽ ቆይቶ» ሆኖ ይሰማል። ከዚያ እውነተኛ «አሁን» ለማለት አዲስ ቃል ይፈለጋል። አዲሱም ተራውን ጠብቆ ይሰንፋል።

የእኛው «አሁን» ከዚህ ነጻ ነው እንዴ? «አሁን ወጣ» ካልኩ ወጥቶ ሄዷል። «አሁን እየወጣ ነው» ካልኩ በሩ ላይ ነው። «አሁን ይወጣል» ካልኩ ገና ውስጥ ነው። ያው አንድ «አሁን» እንደ ላስቲክ ወደፊትም ወደ ኋላም ይለጠጣል፤ የሚወስነው ግሡ ነው። ለዚህ ነው የምከራከረው። «ፕረዘንትሊ»ን «አሁን» ብቻ ብላችሁት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። «ሥራ አስኪያጁ አሁን ያነጋግርዎታል» ጥሩ አማርኛ ነው። እናንተ ግን ቃሉን ልብስ ለማልበስ ብላችሁ «በአሁኑ ጊዜ» አላችሁት። «በአሁኑ ጊዜ» ደግሞ አይለጠጥም። እንደ ደረሰኝ ድርቅ ያለ የቢሮ አማርኛ ነው። ሬዲዮና ጋዜጣ «አሁን» ማለት ነውር የሚመስላቸው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። «በአሁኑ ሰዓት በከተማዋ ዝናብ እየጣለ ይገኛል» ይላሉ። እየዘነበ ነው በሉና ገላግሉን።

«መጣሁ» የሚለውንማ ተዉት። ያልመጣ ሰው ነው «መጣሁ» የሚለው። ግሡ ያለፈ፣ ሰውየው ቤቱ፣ ጫማውን ገና እየፈለገ። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ስትማር «መጣሁ ያለኝ ሰው የት አለ?» ብላ ከዚራ መንገድ ላይ ዙሪያዋን ስትቃኝ አይቻለሁ። እዚሁ ድሬ «ደርሻለሁ» የሚል የባጃጅ ሹፌር ካጋጠማችሁ ገና የደቻቱን ወንዝ አልተሻገረም ማለት ነው።

የድሬ ሰዓት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል። ፀሐይዋ ወረድ ስትል ነው ከተማው ተመልሶ የሚነቃው። ስለዚህ በአምስት ሰዓት «አሁን እመጣለሁ» ያለ ሰው ይመጣ ይሆናል። በስድስት ተኩል «አሁን» ያለ ሰው ግን «ከበርጫ በኋላ»፣ ከጫቱ በኋላ ማለቱ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ማንም አይጣላም። ኦሮምኛ ተናጋሪው «አማ» ይላችኋል፣ ሶማሊኛ ተናጋሪው «ሀዳ» ይላችኋል። ሁለቱም «አሁን» ነው። ወርያ፣ በሦስቱም ቋንቋ ያው ትጠብቃላችሁ። «ኢንሻ አላህ» ከተጨመረበት ደግሞ ወንበር ፈልጉ።

አባቴ የባቡር ሰው ነበር። አትልዬ ነው የሠራው፤ የባቡሩ ጥገና ቤት ውስጥ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ሲደርስ የተወለደች ናት፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ 15 ዓመት ፈጅቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥና ከዚያም በኋላ ፈረንሳይኛው በድሬ ቤቶች ውስጥ ሠርጎ ቀረ። «ለገሃር» የምንለው «ላ ጋር» መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አባቴ ደግሞ «ቱ ታ ለር» ይል ነበር። እናቴ ገበያ ልትሄድ ገንዘብ ስትጠይቀው «ቱ ታ ለር» ይላል፤ ቆይ ማለቱ ነው። «ሰውየውን አይተኸዋል?» ስትለው «ቱ ታ ለር» ይላል፤ ቅድም ማለቱ ነው። ልጅ ሆኜ ያታልላት ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ስማር ለካ ፈረንሳይኛው ራሱ እንዲያ ነው። ከኃላፊ ግሥ ጋር «ቅድም»፣ ከትንቢት ግሥ ጋር «በኋላ»። የ«ፕረዘንትሊ» የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ ለዚያች «ቅድም» ለምትባል ቃላችን እንግሊዝኛው ልክክ የሚል አቻ የለውም። «ኧርሊየር ቱዴይ» እያልኩ ነው የምተረጉማት፤ በአንዲት ቃል የምንጨርሰውን በሁለት።

አምዳችሁ ይቀጥላል ካላችሁ እግረ መንገዴን ሌሎች ወጥመዶችንም ልጠቁም። «ሞመንታሪሊ» አለ። እንግሊዙ «ለቅጽበት» ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው «በቅጽበት ውስጥ» ማለቱ ነው። አሜሪካዊ አብራሪ «ሞመንታሪሊ እናርፋለን» ሲል፣ እንግሊዙ መንገደኛ «ለቅጽበት አርፎ ሊነሳ ነው እንዴ? ታዲያ መቼ ልውረድ?» ይላል ብለው ይቀልዳሉ። «ጀስት ናው»ም አለ። እንግሊዝ አገር «ሂ ሌፍት ጀስት ናው» ካሉ ቅድም፣ አሁን ገና ወጣ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ «አይ ዊል ዱ ኢት ጀስት ናው» ካሏችሁ ግን ቡና አፍሉ፤ ኋላ ነው። እዚያው «ናው ናው» የሚሉት ከ«ጀስት ናው» ይፈጥናል። ደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ወንድሞቻችን ይህን ሳያውቁ ስንት ጊዜ ቆመው እንደጠበቁ መገመት አያቅትም።

በገንዘብ የሚመጣው ደግሞ «ባይዊክሊ» ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜም ሊሆን ይችላል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይሰጣል። የሥራ ውል ላይ «ደመወዝ ባይዊክሊ ይከፈላል» የሚል ሳይ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ደንበኛዬን «ቀጣሪሽን ጠይቂ፣ ቀኑን በቁጥር ይጻፍ» እላታለሁ። የእኔ ሥራ ግምት አይደለም።

ሰዓቱን እንኳ ሳይቀር ማስተካከል አለብን። የዚያ የሳቢያን ልጅ ቃለ መጠይቅ በግሪንዊች ሰዓት 14፡00 ተባለ። ሦስት ሰዓት ሲጨመር በፈረንጅ ሰዓት አምስት፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። በትልቁ ጽፌ ሰጠሁት፤ ሁለቱንም፣ ጎን ለጎን። እሱ ግን «አምስት» የምትለዋን አይቶ ረፋድ ላይ ሊቀመጥ ነበር። «አሥራ አንድ!» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ቃለ መጠይቁን አድርጓል፤ ውጤቱን እየጠበቀ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም እዚያው አምድ ላይ፣ እዚያው መጠን ባለው ፊደል፣ ማረሚያ አውጡ። ሁለቱንም ፍቺ ስጡ። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ምሳሌ አድርጉ፤ ግሡን ደመቅ አድርጋችሁ። ራሳቸው እንግሊዝኛ ለሚጽፉ አንባቢዎችም ምክር ጨምሩላቸው፦ «ፕረዘንትሊ»ን ማንበብ ይቻሉ፣ መጻፉ ግን ይቅርባቸው። «አሁን» ለማለት «ናው» ወይም «ከረንትሊ» አለ። «ቆይቶ» ለማለት «ሱን» አለ። ቀኑ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ ቀኑን መጻፍ ነው። ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ይባል። «ቱስዴይ» ለንደንም ኒውዮርክም ኬፕታውንም ያው ማክሰኞ ነው።

የማስታወቂያ ገጻችሁንም እግረ መንገዴን ልንካ። «በቅርቡ ይከፈታል»፣ «በቅርቡ ሥራ ይጀምራል»፣ «በቅርቡ እናሳውቃለን»። ግማሹ ገጽ «በቅርቡ» ነው። አስነጋሪው ቀን ካላመጣ፣ ቢያንስ ተቀባዩ ክፍላችሁ «መቼ?» ብሎ ይጠይቀው። አልጠየቃችሁም፣ እኛ ደግሞ በሩ ላይ ሄደን ዘበኛውን ስንጠይቅ እንውላለን። ዘበኛውም «በቅርቡ» ይለናል። እሱ ምን ያድርግ፣ ከጋዜጣ ነው ያነበበው።

የእንግሊዝኛው አምድ መጨረሻ ላይም «ክፍል ሁለት በቅርቡ ይቀጥላል» ብላችኋል። የትኛው ሳምንት እንደሆነ ቢነገረን ደስ ይለናል። ድሬ ጋዜጣው ብዙ ቅጂ አይመጣም፤ ቶሎ ያልቃል። ቀኑን ካወቅኩ ለአዟሪው አስቀድሜ አንድ ቅጂ ለእኔ፣ አንድ ለልጁ አስቀምጥ እለዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ተርጓሚ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ
(ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ እንዳይወጣ አደራ።)